ትርፉ ይከፋፈል ወይስ ይቆይ? የጆን ሮክፌለር ሕይወትና የስታንዳርድ ኦይል ዲቪደንድ

ኦገስት 1878 ላይ ስታንዳርድ ኦይል የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ ለባለአክሲዮኖቹ 50 በመቶ ዲቪደንድ እንደሚከፍል አሳወቀ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በቀላሉ ስናስቀምጠው፣ 100 ዶላር የተጻፈበት አንድ አክሲዮን ያለው ሰው 50 ዶላር የትርፍ ድርሻ ይደርሰዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዜና የሰማ ባለአክሲዮን እልል ነው የሚለው። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆነው ሳሙኤል አንድሩስ ግን ተናደደ። ትርፉ የዚህን እጥፍ መክፈል እየቻለ ለምን ግማሹ ብቻ ይሰጠናል ባይ ነበር።

የተናደደበት ሰው ጆን ዴቪሰን ሮክፌለር ነው። በዘመኑ የዓለማችን ቁጥር አንድ ሀብታም የተባለው፣ ስሙ እስከዛሬ የሀብት መለኪያ ሆኖ የሚጠራው ሮክፌለር። ስለ ገንዘቡ ብዛት ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ ሕይወቱን የምናየው በአንድ ጥያቄ በኩል ነው፦ ኩባንያ ሲያተርፍ ገንዘቡ ለባለቤቶቹ ይከፋፈል ወይስ ተመልሶ ሥራ ላይ ይዋል? ሮክፌለር ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ሀብታም አደረገው፣ ከጓደኞቹ አጣላው፣ በመጨረሻም ፍርድ ቤት ካቆሙት ነገሮች ጋር ተያያዘ።

ገንዘብ ሲሠራ ያየ ልጅ

ሮክፌለር ጁላይ 8 ቀን 1839 በኒውዮርክ ግዛት፣ ሪችፎርድ በምትባል ትንሽ የገጠር ቦታ ተወለደ። አባቱ ዊሊያም ሐኪም ነኝ እያለ ከቦታ ቦታ እየዞረ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ነበር። ለወራት ይጠፋል፣ ከዚያ ድንገት ኪሱን ሞልቶ ይመጣል። ኋላ ላይ እንደታወቀው፣ በሌላ ስም ሌላ ሚስት አግብቶ ሁለት ኑሮ ይኖር ነበር። እናቱ ኤላይዛ ደግሞ ጥብቅ የባፕቲስት አማኝ፣ ለእያንዳንዷ ሳንቲም የምትጠነቀቅ ሴት ነበረች።

አባትየው ለገዛ ልጆቹ በወለድ ያበድር ነበር። ይባስ ብሎ ደግሞ ባላሰቡት ሰዓት መጥቶ ገንዘቤን አሁኑኑ መልሱ ይላቸዋል። ልጅየው ከዚህ የተማረው አንድ ነገር አለ፦ የሰው ገንዘብ ይዞ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ የተዘጋጀ ጥሬ ገንዘብ ሊኖረው ይገባል።

ሌላም ትምህርት ነበር። ተርኪ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች እያረባና የሰው ሥራ እየሠራ ያጠራቀማትን 50 ዶላር ለአንድ ገበሬ በ7 በመቶ ወለድ አበደረ። በዓመቱ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወለድ ይዞ ተመለሰለት። በዚያው ጊዜ ድንች ሲቆፍር የሚውልበት የቀን ክፍያ 37 ሳንቲም ተኩል ነበር። አሰላው። ምንም ሳይሠራ ያገኘው ወለድ የዘጠኝ ቀን ድንች ቁፋሮ ሆኖ አገኘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንዘብ ለእሱ የሚበላ ነገር ሳይሆን የሚሠራ ነገር ሆነ።

ሴፕቴምበር 26 ቀን 1855፣ በ16 ዓመቱ፣ ኦሃዮ ግዛት ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ በአንድ የንግድ ቤት በረዳት የሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጠረ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተከፈለው በድምሩ 50 ዶላር ነው። ያቺን የተቀጠረባትን ቀን ግን ዕድሜ ልኩን እንደ በዓል ሲያከብራት ኖረ። ገቢና ወጪውን የሚጽፍባት ትንሽ ደብተርም ነበረችው፤ ለቤተክርስቲያን የሰጣት ሳንቲም ሳትቀር እዚያ ላይ ትሰፍራለች።

የመጀመሪያው ጠብ

1859 ላይ ሮክፌለር ከሞሪስ ክላርክ ጋር ሆኖ እህልና ሸቀጥ የሚያሻሽጥ ድርጅት ከፈተ። እያንዳንዳቸው 2,000 ዶላር ማዋጣት ነበረባቸው። ሮክፌለር የጎደለውን 1,000 ዶላር ከአባቱ ተበደረ፤ በ10 በመቶ ወለድ።

በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ኤድዊን ድሬክ የተባለ ሰው ፔንስልቬንያ ውስጥ ታይተስቪል አካባቢ መሬት ቆፍሮ ዘይት አወጣ። በዚያን ጊዜ ሰው ነዳጁን የሚፈልገው ለመኪና አይደለም፣ መኪና ገና አልመጣም። የተፈለገው ለመብራት ነው። ድፍድፉ ሲጣራ እኛ ላምባ የምንለው ይወጣል፤ በየቤቱ ኩራዝ የሚያበራው እሱ ነው። ቤንዚኑ እንደ ቆሻሻ የሚደፋ ነበር።

1863 ላይ ሮክፌለርና ክላርክ ከሳሙኤል አንድሩስ ጋር ሆነው ማጣሪያ ከፈቱ። አንድሩስ ድፍድፍ የማጣራት ሥራን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ሥራው ወዲያው አተረፈ። ጠቡም ወዲያው መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮክፌለር የተገኘውን ሁሉ እያስገባ፣ ከባንክም እየተበደረ ማጣሪያውን ማስፋት ይፈልጋል። ክላርክና ወንድሞቹ ደግሞ ዕዳው አስፈራቸው፤ 100,000 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበርና። ፌብሩዋሪ 1865 ላይ ድርጅቱ በሸሪኮቹ መካከል ለጨረታ ቀረበ። ጨረታው ከ500 ዶላር ተነስቶ እየወጣ ሄደ። በመጨረሻ ሮክፌለር በ72,500 ዶላር ገዛው። የ25 ዓመት ወጣት ነው፤ በዚህ ዋጋ የገዛውም በእጁ ባለው ገንዘብ ሳይሆን ባንኮች በሚያምኑት ስሙ ነው።

ጠቡ የባሕርይ ብቻ አልነበረም። አንዱ ወገን ያገኘውን ይዞ ማረፍ ይፈልጋል። ሌላው ያገኘውን መልሶ መዝራት ይፈልጋል። ይሄ ልዩነት ሮክፌለርን እስከ መጨረሻው ተከትሎታል።

ደሞዝ የሌላቸው አለቆች

ጃንዋሪ 10 ቀን 1870 ስታንዳርድ ኦይል በ1 ሚሊዮን ዶላር ካፒታል ተቋቋመ። እያንዳንዳቸው 100 ዶላር የተጻፈባቸው 10,000 አክሲዮኖች ወጡ። ሮክፌለር 2,667ቱን ያዘ። አንድሩስ፣ ሄንሪ ፍላግለርና የሮክፌለር ወንድም ዊሊያም እያንዳንዳቸው 1,333 ወሰዱ።

እዚህ ላይ አንድ ትኩረት የሚስብ ውሳኔ ተወሰነ። የኩባንያው መሪዎች ደሞዝ አይከፈላቸውም ተባለ። የሚያገኙት ከአክሲዮናቸው ዋጋ ማደግና ከሚከፈለው የትርፍ ድርሻ ብቻ ነው። ኩባንያው ካላተረፈ እነሱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ሐሳቡ አለቃው እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ባለቤት እንዲያስብ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ግን ብዙ ሰው ያስለቀሰ ነገር ነው። 1872 መጀመሪያ ላይ ሮክፌለርና ጓደኞቹ ሳውዝ ኢምፕሩቭመንት ካምፓኒ በሚባል ድርጅት ስም ከባቡር ኩባንያዎች ጋር በድብቅ ተዋዋሉ። በውሉ መሠረት የእነሱ ጭነት ቅናሽ ያገኛል። ያ ብቻ አይደለም፤ ተፎካካሪዎቻቸው ለጫኑት ዘይት ከከፈሉት ላይም ተቀንሶ ለእነሱ ይሰጣል። ተፎካካሪህ በከፈለ ቁጥር አንተ ኪስ ገንዘብ ይገባል ማለት ነው። ነገሩ ሲሰማ የነዳጅ አምራቾቹ አካባቢ በቁጣ ተናወጠ፣ ዕቅዱም ሥራ ሳይጀምር ፈረሰ። እስኪፈርስ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ክሊቭላንድ ከነበሩት 26 ተፎካካሪ ማጣሪያዎች 22ቱ ለስታንዳርድ ተሸጠው ነበር።

ለሻጮቹ የቀረበላቸው ምርጫ ሁለት ነበር፦ ጥሬ ገንዘብ ወይም የስታንዳርድ አክሲዮን። ሮክፌለር አክሲዮኑን ውሰዱ ብሎ ይመክራቸው ነበር። አክሲዮን ወስደው ያቆዩት ሰዎች ከጊዜ በኋላ ሀብታም ሆኑ። ጥሬ ገንዘብ የወሰዱት ብዙዎቹ ግን በማይረባ ዋጋ ተቀማን እያሉ ዕድሜያቸውን በምሬት ፈጁ።

እዚህ ጋ ቆም ብለን እናስብ። ሮክፌለር ምክሬ ትክክል ነበር ይል ነበር፤ ውጤቱን ካየን ትክክል ነው። ነገር ግን ዕዳ ያለበት፣ ሠራተኛ የሚከፍል፣ ነገ የባቡር ዋጋ ከአቅሙ በላይ ይሆንብኛል ብሎ የፈራ ሰው ዓመታት መጠበቅ ከየት ያመጣል? መጠበቅ የሚችለው የሚበላው ያለው ሰው ነው። ከዚያም በላይ፣ ኑሮውን ያናወጠበት ያው ሰው ወረቀቴን ያዝ፣ ወደፊት ይጠቅምሃል ሲለው ማመን ቀላል አይደለም።

1 ሚሊዮን ዶላርና ትልቁ ቤት

አሁን ወደ 1878ቱ ጠብ እንመለስ። አንድሩስ ማጣሪያውን ከሥር ያቋቋመ ባለሙያ ነው፣ ግን ድርጅቱ ሲያድግ ሥራው ከእጁ እየወጣ ሄደ። እሱ የሚያየው የገባውን ትርፍና የተሰጠውን ድርሻ ነው። ሮክፌለር የሚያየው ገና ያልተሠራውን ቧንቧ፣ ያልተገዛውን ታንከርና ያልተቀየረውን ማሽን ነው።

ክርክሩ እየከረረ መጣና አንድሩስ ድርሻዬን ሸጬ እወጣለሁ አለ። ሮክፌለር ዋጋውን ጠየቀው። አንድሩስ 1 ሚሊዮን ዶላር አለ። ገንዘቡ ወዲያው ተከፈለው። ሮክፌለር አክሲዮኑን ብዙም ሳይቆይ ለባቡር ሀብታሙ ዊሊያም ቫንደርቢልት በ300,000 ዶላር ትርፍ ሸጠው። አንድሩስ ይህን ሲሰማ ተታለልኩ አለ። ሮክፌለር ከፈለግህ በሸጥክበት ዋጋ መልሰህ ውሰድ ቢለውም፣ አንድሩስ ሚሊዮኑን መረጠ።

በገንዘቡ ክሊቭላንድ ውስጥ ዩክሊድ ጎዳና ላይ ቤተ መንግሥት የሚያክል ቤት አሠራ። ቤቱ ለኑሮ የማይመች ሆኖ ቤተሰቡ ጥቂት ዓመት ብቻ ኖሮበት ወጣ። የከተማው ሰው የአንድሩስ ቂልነት እያለ ይጠራው ነበር። ለነገሩ አንድሩስ ደሃ ሆኖ አልሞተም። 1 ሚሊዮን ዶላር በዚያ ዘመን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው። የጠየቀውም የራሱን ትርፍ ነው። ጥፋቱ፣ ጥፋት ከተባለ፣ የቸኮለበት ጊዜ ነው።

የቀረው ገንዘብ ምን ሠራ?

ሮክፌለር የሚይዘውን ትርፍ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ አላስቀመጠም። ኩባንያው በርሜሉን ራሱ መሥራት ጀመረ። የዘይት ማስተላለፊያ ቧንቧ ዘረጋ። የራሱን የባቡር ታንከሮች ገዛ። ቀድሞ የሚደፋውን ተረፈ ምርት ወደ ቅባት፣ ሻማ መሥሪያ ሰምና ሌላ ሸቀጥ ቀየረው። የላምባ ዋጋም ለተጠቃሚው በእጅጉ ወረደ። የኩባንያው ተቃዋሚዎች የሚሉት ደግሞ ዋጋው የወረደው ተፎካካሪ በማጥፋት ጭምር ነው። ሁለቱም እውነት አለው።

ትልቁ ፈተና የመጣው 1885 አካባቢ ኦሃዮ ውስጥ ሊማ በሚባል ቦታ አዲስ ዘይት ሲገኝ ነው። ያን ጊዜ የፔንስልቬንያው ዘይት ሊያልቅ ነው የሚል ፍርሃት ነበር። ጆን አርችቦልድ የተባለው የኩባንያው ከፍተኛ ሰው ሳይቀር ከአክሲዮኑ የተወሰነውን ከተጻፈበት ዋጋ በታች ሸጧል። የሊማው ዘይት ደግሞ ድኝ ስለበዛበት ይሸታል፣ ኩራዝ ውስጥ ሲነድም ጥቀርሻ ያወጣል። ሮክፌለር እንግዛው ሲል ቻርልስ ፕራትና ሌሎች የቦርድ አባላት የባለአክሲዮኑን ገንዘብ በዚህ አናባክንም ብለው ተቃወሙ። እሱም ከራሱ ኪስ ሚሊዮኖች አውጥቼ ኪሳራውን እኔ እሸከማለሁ አለ። ያኔ ለቀቁለት። ኸርማን ፍራሽ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ተቀጠረና ድኙን ማውጫ ዘዴ አገኘ። ያ የተናቀ ዘይት ኩባንያውን ለዓመታት ያበለጸገ ሀብት ሆነ።

ሌላው ጥቅም ከባንክ ነፃ መሆን ነው። ወጣት ሳለ የባንክ ደጅ እየጠና ነው ያደገው። በኋላ ግን ስታንዳርድ ኦይል የሚያስፋፋበትን ገንዘብ ከራሱ ትርፍ ስለሚያወጣ፣ የ1893ቱና የ1907ቱ የገንዘብ ቀውሶች ሌላውን ሲጥሉ እሱ ቆሞ ቀረ። የአባቱ ድንገተኛ ዕዳ መጠየቅ ያስተማረው ይሄንን ነው።

ቁጥሩን እንየው። ከ1882 እስከ 1906 ባሉት ዓመታት ስታንዳርድ ኦይል ያተረፈው 838 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 548 ሚሊዮን ዶላር ያህሉን ለባለአክሲዮኖች ከፈለ። 290 ሚሊዮኑ ተመልሶ ሥራ ውስጥ ገባ። ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ትርፍ 65ቱ ለባለቤቶች፣ 35ቱ ለሥራ ማለት ነው። ሮክፌለር ዲቪደንድ ከልካይ አልነበረም። ዋናው ነገር፣ መጀመሪያ ሥራው የሚፈልገው ይታያል፣ ክፍያው ከዚያ ይከተላል።

48 በመቶ የሚለው ቁጥር

1882 ላይ በየግዛቱ ያሉት ኩባንያዎች ትረስት በሚባል አደረጃጀት በዘጠኝ ሰዎች እጅ ተጠቃለሉ። በመጀመሪያዎቹ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመታት የሚከፈለው ከ5 እስከ 12 በመቶ ገደማ ነበር። የ1890ዎቹ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ግን ሮክፌለር ከዕለት ተዕለት ሥራ እየራቀ፣ አርችቦልድ እየተተካ ሲመጣ፣ ክፍያው ተተኮሰ። 1896 ላይ 31 በመቶ ሆነ። 1900 እና 1901 ላይ 48 በመቶ ደረሰ።

ሕዝቡ ይሄን ሲሰማ ደሙ ፈላ። በዓመት 48 በመቶ ወለድ የሚከፍል ባንክ የት አለ? ይህ ዝርፊያ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው ተባለ።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሂሳብ ነገር አለ፤ አክሲዮን ያለው ሁሉ ቢያውቀው ይጠቅመዋል። 48 በመቶው የተሰላው አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው 100 ዶላር ነው። ገበያ ላይ ግን ያ አክሲዮን በ1901 ከ600 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በ600 ዶላር ለገዛ ሰው 48 ዶላር ማለት 8 በመቶ ነው። ልዩነቱ የመጣው ለዓመታት ሳይከፈል ድርጅቱ ውስጥ ከቀረው ትርፍ ነው። ገንዘቡ ማጣሪያና ቧንቧ ሆኗል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን አልተነካም። ስለዚህ አንድ ኩባንያ ይህን ያህል በመቶ ከፈለ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ የምን በመቶ የሚለው መሆን አለበት።

ይህ ማለት ግን ሕዝቡ የተቆጣው በከንቱ ነው ማለት አይደለም። ያ ትርፍ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ይህን የጠየቀችው አይዳ ታርቤል የምትባል ጋዜጠኛ ናት። ያደገችው የፔንስልቬንያ ዘይት በሚወጣበት አካባቢ ነው። አባቷ የዘይት ማጠራቀሚያ ይሠራ የነበረ፣ በ1872ቱ ጉድ ኑሮው ከተናጋባቸው ሰዎች አንዱ ነው። ከኖቬምበር 1902 ጀምሮ ማክሉርስ በሚባል መጽሔት ላይ የስታንዳርድ ኦይልን ታሪክ በተከታታይ አወጣች፤ 1904 ላይም መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ሰነድ እየጠቀሰች፣ የባቡር ቅናሹን፣ የተፎካካሪዎችን መጥፋት፣ የተከፈለውንም ድርሻ አንድ በአንድ ዘረዘረች።

1907 ላይ ዳኛ ላንዲስ የስታንዳርዱን የኢንዲያና ኩባንያ በሕገወጥ የባቡር ቅናሽ ከ29 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀጣው። ኩባንያው ወረቀት ላይ ያለው ካፒታል 1 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ቅጣቱ በይግባኝ ቢሻርም ሰው ያቺን ትንሽ ካፒታልና ከጀርባዋ ያለውን ትልቅ ሀብት አየ።

ሲፈርስ የበለጠ ሀብታም የሆነ ሰው

ሜይ 15 ቀን 1911 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስታንዳርድ ኦይል እንዲከፋፈል ወሰነ። 34 ኩባንያዎች ሆነ። እያንዳንዱ ባለአክሲዮን በያዘው መጠን ከሁሉም ድርሻ ደረሰው፤ ትንሽ የያዘው ሰው የአክሲዮን ቁርጥራጭ ነው የተሰጠው።

ሮክፌለር በዚያን ጊዜ ከ983,383 አክሲዮኖች 244,500ውን ይዞ ነበር። ሩብ ማለት ነው። 40 ዶላር በሚከፈልበት ዓመት ለብቻው ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ይገባለት ነበር። ፍርዱ ይህን ሰው ያደኸየዋል ብሎ የጠበቀ ካለ ተሳስቷል።

ኩባንያዎቹ ለየብቻ ሒሳባቸውን ሲገልጡ፣ ለዓመታት የተደበቀው ሀብት ፀሐይ ላይ ወጣ። የኢንዲያናው ኩባንያ 1912 ላይ 2,900 በመቶ የአክሲዮን ዲቪደንድ አወጀ። በጥሬ ገንዘብ አይደለም፣ በአክሲዮን ነው፤ አንድ ለያዘ ሰው 29 ተጨመረለት። ካፒታሉ ከ1 ሚሊዮን ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር ተስተካከለ። አዲስ ገንዘብ አልገባም፤ ቀድሞ የነበረው ነው በስሙ የተጠራው። የአክሲዮኖቹ ዋጋ ገበያ ላይ ወጣ፣ መኪናም እየበዛ ቤንዚን ተፈላጊ ሆነ፣ የሮክፌለርም ሀብት ጡረታ ላይ ቁጭ ብሎ ጎልፍ ሲጫወት ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ተከፍሎ ተበልቶ የነበረ ትርፍ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልኖረ።

ያ ሁሉ ዲቪደንድ የት ገባ?

ገንዘቡ እንደ ጎርፍ ሲመጣ ሮክፌለር ሌላ ችግር ገጠመው፤ የሚሰጥበት ፍጥነት ከሚገባበት ፍጥነት አነሰ። 1891 ላይ ፍሬደሪክ ጌትስ የሚባል የባፕቲስት ቄስ ቀጥሮ ልግስናውን እንደ ድርጅት እንዲመራለት አደረገ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በእሱ ገንዘብ ተቋቋመ። 1901 ላይ የሕክምና ምርምር ተቋም፣ 1913 ላይ የሮክፌለር ፋውንዴሽን ተከፈቱ። ዛሬም የሚሰጠው የቢጫ ወባ ክትባት በ1930ዎቹ የተሠራው በዚሁ ፋውንዴሽን ቤተ ሙከራ ነው። በድምሩ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጥቷል። የተቀረውን አብዛኛውን ሀብት በሕይወት ሳለ ለልጁ አስተላለፈ።

ሜይ 23 ቀን 1937 በ97 ዓመቱ ፍሎሪዳ ውስጥ አረፈ።

የኩባንያው ልጆች ግን ዛሬም አሉ። የኒው ጀርሲው ኤክሰን፣ የኒውዮርኩ ሞቢል ሆኑ፤ 1999 ላይ ሁለቱ ተዋህደው ኤክሰንሞቢል ተባሉ። የካሊፎርኒያው ሼቭሮን ነው። የኦሃዮውና የኢንዲያናው ኋላ ቢፒ ውስጥ ገቡ። ወደ እኛም አገር ቀርበው ነበር። ኦገስት 1935 ላይ፣ ጣሊያን ሊወርረን ወር ሲቀረው፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ፍራንሲስ ሪኬት በሚባል እንግሊዛዊ በኩል ሰፊ የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ሰጠ። ከጀርባው የኒው ጀርሲውና የኒውዮርኩ ስታንዳርድ በጋራ የያዙት ኩባንያ እንደነበረ ታወቀ፤ የአሜሪካ መንግሥት ጫና አድርጎ በቀናት ውስጥ አስተወው። ሞቢል የሚለውን ስም ደግሞ የአዲስ አበባ ማደያዎች ላይ ያየ ሰው ዛሬም ያስታውሰዋል።

የድሮው ጥያቄም አብሯቸው ኖሯል። 2020 ላይ በኮሮና ምክንያት የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ኤክሰንሞቢል 22.4 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። ያም ሆኖ ዲቪደንዱን አልቀነሰም፤ በዕዳ ላይ ዕዳ ጨምሮ ወደ 15 ቢሊዮን ዶላር ለባለአክሲዮኖቹ ከፈለ። ቢፒ በዚያው ዓመት ድርሻውን በግማሽ ቆረጠ። አንዱ የባለአክሲዮኑን እምነት አላጣም አለ፣ ሌላው ገንዘቡን ለሥራ አስቀራለሁ አለ። ከትርፉ ቀንሶ ሥራ ያስፋፋ የነበረው ሮክፌለር፣ ከስሮ ተበድሮ መክፈልን ቢያይ ምን ይሰማው እንደነበር መገመት አይከብድም።

የሮክፌለር ሕይወት ሁልጊዜ ትርፉን አስቀሩ የሚል ምክር ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። እሱ ያስቀረው ትርፍ የሠራው፣ የት እንደሚውል የሚያውቅ፣ ደሞዝ የማይወስድ፣ ከሁሉም በላይ ድርሻ ይዞ ከሌላው እኩል የሚጠብቅ ሰው ስለነበረ ነው። ሲጠራጠሩት የራሱን ገንዘብ ያስይዝ ነበር። ይህ በሌለበት፣ ትርፉን ለማስፋፊያ እናቆየው የሚል ቦርድ ሁሉ ሮክፌለር አይደለም። ስለዚህ አክሲዮን ያላችሁ ሰዎች በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ዲቪደንዱ ስንት ነው ከማለት ጋር እነዚህንም ጨምራችሁ ጠይቁ፦ የቀረው ምን ላይ ዋለ? ያስቀረውስ ሰው ከእኛ ጋር ምን አስይዟል?